ጠማማ ይቆርጣል ተብሎ የተሸጠ የብረት መጋዝ

መነሻ

የመጋዙ ባለቤት በሜሪላንድ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ዳርቻ ሰፈሮች በአንዱ የሚኖሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ብየዳ የተማሩት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ነው። እዚህ የሚተዳደሩት በሌላ ሥራ ቢሆንም ቅዳሜና እሑድ የቤታቸውን ጋራዥ ወርክሾፕ አድርገው የምጣድ ማስቀመጫ፣ የሬስቶራንት መደርደሪያና የደረጃ እጀታ ይሠራሉ። የሚቆርጡት በአብዛኛው ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት፣ እና አንግል፣ ማለትም እንደ L የታጠፈ ብረት፣ ነው፤ አልፎ አልፎ ድፍን ብረት ይገባል።

እስከዚያ ድረስ የሚቆርጡት በግራይንደር ነበር። ለአንድና ለሁለት ቁራጭ ከግራይንደር የሚቀል ነገር የለም። ተደጋጋሚ ሥራ ላይ ግን ጩኸቱ ጎረቤት ያስቀይማል። ብልጭታውም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ፣ ያውም በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ አጠገብ፣ ዕረፍት አይሰጥም። ከሁሉ የባሰው የቁራጮቹ አለመመሳሰል ነው። ከምጣድ ማስቀመጫ አራት እግሮች አንዱ 2 ሚሊ ሜትር ካጠረ ምጣዱ ያዘነብላል፣ ሊጡም ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ደንበኛ ይህን ለማየት ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) አያስፈልገውም።

ሌላም ሐሳብ ነበራቸው። ጡረታ ሲወጡ መሣሪያዎቻቸውን ወደ አገር ቤት መላክ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ያሰቡት ኤሌክትሮኒክስ ያልበዛበት፣ ማንኛውም መካኒክ ፈቶ የሚገጥመውን ማሽን ነው። እኔ በማሽን ሾፕ ስለምሠራ እንድመለከትላቸው ጠሩኝ።

ግዢው

የተገኘው ማሽን በአሜሪካ ገበያ «አራት በስድስት» የሚባለው ባንድሶው ነው። ስሙ ሞርሳው፣ ማለትም ብረቱን ጨምድዶ የሚይዘው ክፍል፣ ከሚይዘው መጠን የመጣ ነው፤ ከፍታው ወደ 4 ኢንች፣ ስፋቱ 6 ኢንች። በታይዋንና በቻይና እየተሠራ በልዩ ልዩ ቀለምና ስያሜ ይሸጣል፤ ውስጡ ግን አንድ ነው ማለት ይቻላል። ቀለበት የሆነው ምላጭ ርዝመቱ 64 ተኩል ኢንች፣ ማለትም 1638 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ ግማሽ ኢንች ሲሆን በሁለት የጊዛ (ቀልጦ የተቀረጸ ብረት) መንኮራኩሮች ላይ ይዞራል። ጭንቅላቱ በማጠፊያ ላይ ሆኖ በራሱ ክብደት እየወረደ ይቆርጣል። ክብደቱን የሚያቀል ሞላ አለው። ቆርጦ ሲያበቃ ማጥፊያውን ነክቶ ራሱን ያቆማል።

ሻጩ እውነቱን አልደበቀም። «ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም፣ ብዙ ታግዬ ሰለቸኝ» አለ። ዋጋው 120 ዶላር ነበር፤ የአዲሱ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ባለቤቱ ይህን ሲሰሙ ወደ መኪናቸው ሊመለሱ ነበር። እኔ ግን «ጠማማ ይቆርጣል» የሚለውን ቅሬታ ለመደራደሪያ የሚጠቅም ዜና አድርጌ ነው የምወስደው። በዚህ ማሽን ላይ ጠማማነት ብዙውን ጊዜ የማስተካከያ ጉዳይ ነው፤ ገንዘብ የሚበላው ብልሽት ሌላ ቦታ ነው።

ስለዚህ ያየነው ገንዘብ የሚበላውን ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ ምላጩ ከወጣ በኋላ ማርሹ የሚያዞረውን መንኮራኩር በእጅ ወዲያና ወዲህ ስናወዛውዝ የማርሽ ሳጥኑ ልቅነት ትንሽ ነበር፤ የውስጡ የነሐስ ማርሽ አላለቀም ማለት ነው። የጭንቅላቱ ማጠፊያና የሞርሳው እግር ላይ ስንጥቅ የለም። የመንኮራኩሮቹ ጠርዝ፣ ማለትም የምላጩ ጀርባ የሚጠጋው ከንፈር፣ አልተበላም። ሞተሩ ያለ ጭነት ያለ ጉርምርምታ ተነሣ። ምላጩን ቀጥ አድርገው ከሚይዙት መሪ ኩሽኔታዎች (ተሽከርካሪ ቀለበቶች) ሁለቱ ሻካራ ነበሩ፤ እነሱ በላያቸው በተጻፈው ቁጥር የትም የሚገዙ ርካሽ ዕቃዎች ስለሆኑ አላሳሰቡንም። ዋጋው በ20 ዶላር ዝቅ ብሎ ማሽኑ ተጫነ።

ችግሩ በልኬት

ቤት ደርሶ ምንም ሳይነካ፣ አንድ 50 በ50 ሚሊ ሜትር ድፍን ብረት ተቆረጠበት። ፊቱ በስኳድራ ሲታይ ወደ ታች እየሄደ ያዘነብላል፤ ወደ ጎንም ጥቂት ይስታል። ሁለቱ ስሕተቶች የተለያየ ምንጭ አላቸው። ከላይ ወደ ታች ያለው ዝንባሌ ከምላጩና ከመሪዎቹ የሚመጣ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ከሞርሳው ማዕዘን ነው። እነዚህን ሳይለዩ ቡሎን መፍታት አንዱን በሌላው ማበላሸት ነው።

ባለቤቱ ስሕተቱን በቁጥር ለማወቅ ከብረቱ ሌላ ስስ ቁራጭ ቆርጠው አራቱን ማዕዘን በካሊፐር ለኩ። ሁሉም እኩል መጣ። ግራ ገባቸው፤ ስኳድራው ጠማማ ነው ይላል፣ ካሊፐሩ ደህና ነው ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የቁራጩ ሁለቱም ፊቶች በአንድ ዓይነት ዝንባሌ ስለተቆረጡ እርስ በርሳቸው ትይዩ ናቸው። መጋዙ የፈለገውን ያህል ቢያዘነብል ውፍረቱ አይለወጥም።

መፍትሔው ብረቱን በሁለቱ ቆረጣዎች መካከል በራሱ ዙሪያ ግማሽ ዙር ማገላበጥ ነው፤ የላይኛው ፊት ወደ ታች ይሆናል። ያኔ የመጀመሪያው ዝንባሌና የሁለተኛው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚቆሙ ካሊፐሩ የሚያሳየው ልዩነት የእውነተኛው ስሕተት እጥፍ ነው። በዚህ መንገድ ከላይ ወደ ታች 1.6 ሚሊ ሜትር፣ ከጎን ወደ ጎን 0.6 ሚሊ ሜትር ልዩነት ተገኘ። በ50 ሚሊ ሜትር ላይ እውነተኛው ስሕተት 0.8 እና 0.3 ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው አንድ ዲግሪ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

የተቆረጠው ፊት ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሲጋደም መሃሉ ላይም ክፍተት ታየ፤ ይህ ፊት ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፣ ተቃራኒው ደግሞ ሆድ አውጥቷል። ይህ ሦስተኛ ችግር ነው። ቀጥ ብሎ ያዘነበለ ፊት የማስተካከያ ስሕተት ሲሆን፣ ሆድ ያወጣ ፊት ግን የደነዘዘ ወይም የላላ ምላጭ፣ አለበለዚያም የበዛ ጫና ምልክት ነው።

ሥራው በቅደም ተከተል

የዚህ ጉዳይ ዋና ነገር ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መሪዎቹ የሚስተካከሉት በምላጩ ነው፤ ሞርሳው የሚስተካከለው በመሪዎቹ ነው። ከታች የጀመረ ሰው ላይኛውን በነካ ቁጥር ታችኛውን ይደግማል። የቀድሞው ባለቤት የታገለው እዚህ ላይ እንደነበር በኋላ ማስረጃ አገኘን።

መጀመሪያ የማርሽ ሳጥኑ ተከፈተ። ዘይቱ ጠቁሮ ወፍሮ፣ ጥቂት የነሐስ ብናኝ ነበረበት። በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ክዳኑ ላይ ከወፍራም ወረቀት የተቆረጠ ጋስኬት ተደርጎ፣ ለነሐስ ማርሽ የሚስማማ ወፍራም የማርሽ ዘይት ገባ። ለመኪና ዲፈረንሻል የሚሸጡ አንዳንድ ዘይቶች ያላቸው የሰልፈር ቅመም ነሐስ ስለሚበላ ጣሳው ላይ ለነሐስ እንደሚሆን ማንበብ ያስፈልጋል። በሞተሩና በማርሹ ፑሌጃዎች (ቺንጊያው የሚዞርባቸው ጎማዎች) መካከል ያለው መስመር በማስመሪያ ተስተካከለ፤ ቺንጊያው ተቀየረ።

ቀጥሎ ምላጩ። አሮጌው ጥርሶቹ በአንድ ወገን ተልገው ነበር፤ የሆነ ጊዜ ሞርሳውን ነክቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ምላጭ ምንም ብታደርጉለት ወደ ደህናው ወገን ይስባል። በምትኩ ባይሜታል ምላጭ ተገዛ፤ ጀርባው ተለማጭ ብረት፣ የጥርሱ ጫፍ ሃይስፒድ የሚባለው ጠንካራ ብረት ነው። ዋጋው ከካርበን ስቲሉ በእጥፍ ይበልጣል፤ ዕድሜው ግን ልዩነቱን ይከፍላል።

ሦስተኛው መስመሩ ነው። ሁለቱም የመሪ ክንዶች ወጥተው፣ ምላጩ ተወጥሮ፣ መንኮራኩሩ በእጅ ሲዞር የምላጩ ጀርባ ወዴት እንደሚሄድ ታየ። የላይኛውን መንኮራኩር ዝንባሌ የሚወስኑ ቡሎኖች አሉ። ዓላማው ጀርባው ወደ ከንፈሩ ተጠግቶ፣ ነገር ግን ሳይፋተግ እንዲሄድ ነው። ከተፋተገ ይጮኻል፣ ጀርባው እየተቀጠቀጠ ይሰነጠቅና ምላጩ ያለ ዕድሜው ይበጠሳል። ከራቀም በጭነት ጊዜ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የወሰደው ይህ ነው፤ ቡሎኑን ባጠበቁት ቁጥር መንኮራኩሩ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ። ምላጩን ሲያወጡና ሲያስገቡ የቆዳ ጓንት ይደረጋል፤ ማሽኑ ሲዞር ግን ጓንት ፈጽሞ አይደረግም፣ ምላጩ ይዞ ይጎትታልና።

አራተኛው መሪዎቹ። በእያንዳንዱ ክንድ ላይ ምላጩን ከግራና ከቀኝ የሚይዙ ሁለት ኩሽኔታዎችና ጀርባውን የሚደግፍ አንድ አለ። ከጎኖቹ አንዱ የተቀመጠበት ዘንግ መሃሉን የሳተ ስለሆነ ዘንጉን በማዞር ክፍተቱ ይጠባል ወይም ይሰፋል። ልኩ ይህ ነው፦ ምላጩ ሲሄድ ኩሽኔታው አብሮ ይዞራል፣ በጣት ሲያዝ ግን ይቆማል። የጀርባው ኩሽኔታ ያለ ጭነት ብዙም አይነካም፤ ሥራ ሲጀመር ብቻ ይደገፋል።

ከዚያ ስኳድራ በሞርሳው አልጋ፣ ማለትም ብረቱ በሚቀመጥበት ሜዳ፣ ላይ ቆሞ ከምላጩ ጎን ጋር ተጋጠመ። ጥርሶቹ ወደ ውጭ የተከፈቱ ስለሆኑ ስኳድራው መንካት ያለበት ከጥርሱ በላይ ያለውን ሜዳ ነው። የክንዶቹ ቡሎኖች ላልተው፣ ሁለቱም ክንዶች ምላጩን እኩል እስኪጠመዝዙ ድረስ በጥቂቱ ተነኩ። እዚህ ላይ ነው የቀድሞው ባለቤት እጅ የታየው። ስኳድራው በአልጋው አንድ ጫፍ ቀጥ ሲል በሌላው ያዘነብላል። ቅባቱና ፍቅፋቂው ሲጠረግ በአልጋው አንድ ጎን ስስ የላሜራ ቁራጭ በሁለት ቪቶች ታስሮ ተገኘ። ሰውየው የመሪውን ዝንባሌ ማስተካከል ሲያቅተው ብረቱን ራሱን አዘንብሎታል። ለአንድ መጠን ብረት ሠርቶለት ይሆናል፤ ብረቱ ሲለወጥ ግን ስሕተቱ ተመልሶ ይመጣል። ላሜራው ወጣ፣ አልጋው ተጠረገ፣ ስኳድራውም በሁለቱም ጫፍ ተስማማ።

ሞርሳው የመጨረሻው ነበር። ቋሚው መንጋጋ ከምላጩ ጋር በስኳድራ ተመዝኖ፣ የማዕዘን ቡሎኑ ጠበቀ፤ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ሰፊ ሮንዴላ ገባለት።

ጫናው

የጭንቅላቱ ሞላ ምላጩ በምን ያህል ጉልበት እንደሚወርድ ይወስናል። ብዙ ሰው ቶሎ እንዲቆርጥ ሞላውን ያላላል፤ ሆድ የሚያወጣ ፊት ከዚህ ይመጣል። የሻንጣ መመዘኛ ሚዛን በጭንቅላቱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሲነሣ ወደ 7 ኪሎ አሳየ። ሞላው ጠብቆ ወደ 4 ኪሎ ወረደ። ለሌላ ማሽን ቁጥሩ ሊለይ ስለሚችል ዋናው ዳኛ ፍቅፋቂው ነው። ዱቄት የመሰለ ከሆነ ጫናው አንሷል ወይም ምላጩ ደንዝዟል፤ ወፍሮ ሰማያዊ ከሆነ በዝቷል፤ ተጠቅልሎ፣ ብርማ ሆኖ፣ ሞቅ ብሎ ሲወጣ ልክ ነው።

አዲሱ ምላጭ ለመጀመሪያዎቹ ቆረጣዎች በግማሽ ጫና ሠራ። ስለታም የሆነው የጥርስ ጫፍ እንዳይሰበር በቀስታ መለማመድ አለበት። አሮጌው ምላጭ በጀመረው ሰርጥ ውስጥም አልገባም፤ አዲሱ ሰፋ ስለሚል እዚያ ይሰነቀራል።

የፍጥነቱ ነገር አጭር ነው። ፑሌጃዎቹ ሦስት ደረጃ አላቸው፤ በደቂቃ ወደ 24፣ 37 እና 61 ሜትር። ለስቴንለስና ለጠንካራ ብረት ዝቅተኛው፣ ለተራ ብረት መካከለኛው፣ ለአሉሚኒየምና ለነሐስ ከፍተኛው።

ያልሠራው

ድፍኑ ብረት ላይ ውጤቱ ጥሩ ነበር፤ በግልበጣው ልኬት ልዩነቱ ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ወረደ፣ ማለትም እውነተኛው ስሕተት 0.15 ገደማ። ቱቦላሬ ላይ ግን ያው ምላጭ ወዲያው ጥርስ አጣ።

የተገዛው በኢንች 14 ጥርስ ያለው ነው። በሁለት ጥርሶች መካከል 1.8 ሚሊ ሜትር አለ ማለት ነው። ደንቡ ቢያንስ ሦስት ጥርሶች በአንድ ጊዜ ብረቱ ውስጥ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ባለ 14ቱ ምላጭ ስለዚህ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ይፈልጋል። የቱቦላሬው ግድግዳ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ምላጩ የላይኛውን ግድግዳ አልፎ ሁለቱ ቋሚ ግድግዳዎች ላይ ሲደርስ ብረቱ በሁለት ጥርሶች መሃል ይገባና ይሰብራቸዋል። ባለ 24 ጥርስ ምላጭ እንኳ ደንቡን ሙሉ በሙሉ አያሟላም፤ በእሱ ላይ ጫናው ሲቀነስ ግን ሳይሰበር ቆረጠ። ባለቤቱ አሁን ሁለት ምላጭ ይይዛሉ። መቀያየሩ ይሰለቻል፤ ሌላ መንገድ ግን አላየሁም።

አንግል ላይ የነበረው ችግር በአቀማመጥ ብቻ ተፈታ። አንግሉ አንድ ጎኑ ተጋድሞ ሌላው ሲቆም ምላጩ መጀመሪያ ስሱን የቆመ ጫፍ፣ ከዚያ በድንገት ሙሉ ወርዱን ያገኛል። እንደ ጎጆ ጣራ ሁለቱም እግሮች ወደ ታች ሆነው ሲቀመጥ ግን ከላይ እስከ ታች የሚገጥመው ውፍረት እምብዛም አይለዋወጥም።

ከማሽኑ ጋር የመጣው የላሜራ ማቆሚያም አልረባም። ጭንቅላቱ ሲነሣ ይወዛወዛል፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ለመውደቅ ይዳዳዋል። ባለቤቱ በቡሎን ሊያጠነክሩት ሞክረው ተዉት፤ እግሩ ሰፋ ያለ አዲስ ማቆሚያ ከቱቦላሬ በየዱ።

አጫጭር ቁራጮችም አስቸገሩ። ብረቱ የሞርሳውን አንድ ጫፍ ብቻ ሲይዝ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ይጣመማል። በሌላው ጫፍ እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ ማስገባት ይፈታዋል፤ ባለቤቱ ለዚህ ረጅም ዳዶ ላይ ቡሎን አስገብተው እንደ ጃክ የሚረዝምና የሚያጥር ድጋፍ ሠሩ።

ለሌላ ማሽን የሚተላለፈው

ያገለገለ መጋዝ ሲታይ ቀጥ አድርጎ መቁረጡ ሁለተኛ ነገር ነው። ማርሹ፣ ጊዛው፣ መንኮራኩሩና ሞተሩ ደህና ከሆኑ የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ማርሹ ካለቀ ደግሞ ዛሬ ቀጥ አድርጎ ቢቆርጥም አይገዛም።

ከማስተካከል በፊት የቀድሞ ሰው የጨመረውን ሁሉ መፈለግና ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሮንዴላ፣ ላሜራ፣ የታጠፈ ካርቶን። እነዚህ አንድን ስሕተት በሌላ የሚሸፍኑ ስለሆኑ እያሉ የሚደረግ ልኬት ሁሉ ያታልላል። የግልበጣው ልኬት ደግሞ ለባንድሶው ብቻ አይደለም፤ ለዲስክ መቁረጫም፣ ለእንጨት መጋዝም ይሠራል፤ ስኳድራው ራሱ አስተማማኝ ባይሆን እንኳ ስሕተቱን ያሳያል።

ወደ አገር ቤት ሲላክ

ባለቤቱ «ትራንስፎርመር ጨምሬ እልከዋለሁ» ብለው ነበር። «ጋሼ፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም» አልኳቸው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ሲሆን የኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ሞተሩ በ50 ኸርዝ በአምስት ስድስተኛ ፍጥነት ይዞራል፤ በደቂቃ ከ1725 ወደ 1440 ገደማ። ምላጩ በዚህ አይጎዳም፤ 37ቱ ሜትር 31 ይሆናል። የሚጎዳው ሞተሩ ነው። ለ115 ቮልት የተሠራው በ50 ኸርዝ ሳይሞቅ እንዲሠራ ቮልቱም በዚያው ልክ ወደ 96 መውረድ አለበት፤ ተራው የ110 ቮልት ትራንስፎርመር ከዚህ በላይ ይሰጠዋል። ከዚህም ሌላ ሞተሩ ሲነሣ የሚያግዘውን ረዳት የሽቦ ጥቅል የሚያቋርጠው ማብሪያ በፍጥነት ላይ የተመሠረተ ነው። ለ60 ኸርዝ የተሠራው የሚያቋርጥበት ፍጥነት ለ50 ኸርዝ ሞተር ሙሉ ፍጥነቱ ዳር ነው፤ ጭነት ሲበዛ ሳያቋርጥ ቀርቶ ጥቅሉን ሊያቃጥል ይችላል።

ስለዚህ ውሳኔው ማሽኑን ያለ ሞተር መላክ ሆነ። ሞተር አዲስ አበባ ይገዛል። ፑሌጃው ግን ለአሜሪካ ሞተር ዘንግ የተበሳ ነው፤ ቀዳዳው 5/8 ኢንች፣ ማለትም 15.9 ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ የሚገኙት የሜትሪክ ሞተሮች ዘንግ ደግሞ እንደ መጠናቸው 14 ወይም 19 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለ19ኙ ፑሌጃው ቶርኖ ቤት ይሰፋል፤ ለ14ቱ ቡሽ (ክፍተቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት) ይገባለታል። አሁን እንዳለ፣ ሳይነካ፣ ከመለዋወጫ ምላጮች ጋር ይታሸጋል፤ የሚሰፋው ሞተሩ ተገዝቶ ዘንጉ ከተለካ በኋላ ነው።